አባባ የቀሩባት መርከብ

አባቴ ሐጂ እንድሪስ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገመድ ሸጠዋል። ለጀልባ ሰዎች ወፍራሙን፣ ለዓሣ አጥማጆች ቀጭኑን፣ ለሁሉም ደግሞ ምክር። ምክሩን በነጻ ነው የሚሰጡት። የትኛው ገመድ ውሃ ሲጠጣ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ በየት በኩል ፊቱን ማዞር እንዳለበት ሲያስረዱ የሰማ ሰው ጀልባ ላይ የተወለዱ ይመስለዋል። እኛ ልጆቻቸው ግን አንድም ቀን ጀልባ ላይ ሲወጡ አይተን አናውቅም። ዘመድ ለሽርሽር ሲመጣ እስከ ዳርቻው ሸኝተው ይመለሳሉ። ምነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው።

"ከተማችን ባሕር ዳር ነው የተባለችው። ባሕር ውስጥ አልተባለችም።"

ይህን የምጽፈው ሹም አቦ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ስለ ዛንዚባር ጉዟችን በጠየቁኝ ቁጥር እማማ የሆነ ነገር ስለምትጨምርበት፣ ባለቤቴ ከድር ደግሞ የሆነ ነገር ስለሚቀንስበት ነው። ሳይጨመርና ሳይቀነስ እንዲህ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሐያት ከሦስት ዓመት በፊት ዛንዚባር ደሴት ላይ ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ አግኝታ ሄደች። ዘንድሮ ሱሌይማን የሚባል የመብራት ሠራተኛ ለጋብቻ ጠየቃት። አባባ ስለ ልጁ ለማጣራት ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ ስልክ እያስደወሉ ሦስት ሳምንት ነቀፌታ ፈለጉለት። ይሰግዳል፤ ጫት አይቅምም፤ እናቱን ይጦራል። በመጨረሻ አንድ እንከን አገኙ።

"ቤቱ ደሴት ላይ ነው" አሉ።

ይሁን እንጂ እሺ አሉ። በእኛ ደንብ ልጅን የሚድራት አባቷ ነው። ኒካሑ ሲታሰር እጁን በሙሽራው እጅ ላይ አድርጎ "ድሬልሃለሁ" የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ አባባ መሄዳቸው የግድ ነበር። በቀጥታ ወደ ደሴቱ የሚበረው አውሮፕላን ሞልቶ ስለነበር ከድር እስከ ዳሬሰላም ቲኬት ቆረጠ። ከድር የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለአባባ ካርታ ዘርግቶ "ከዚህ በኋላ ትንሽ ውሃ አለች፤ እሷን መሻገር ብቻ ነው" አላቸው። አባባ ድልድይ ያላት መሰላቸው። ከድርም ድልድይ አይደለም አላለም።

ረቡዕ

ጠዋት አባባ ሱቃቸውን ቆልፈው ቁልፉን ለጎረቤታቸው ሰጡ፤ ከዚያ ጓጉንቸሩ በደንብ መግጠሙን ለማየት ሁለት ጊዜ ተመለሱ። እማማ አንድ ትልቅ ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ብቻ ሞላችበት።

"እማማ፣ እዚያም እኮ ምግብ አለ" አልኋት።

"ምግብ ይኖራል፤ በርበሬ ግን የለም። ልጄን በአልጫ አልድራትም።"

አውሮፕላኑ ከባሕር ዳር ሲነሳ ጣና ከታች እንደ ተወለወለ ትሪ ተዘረጋ። ደሴቶቹን አንድ በአንድ ለአባባ ላሳያቸው ብዬ ዞር ስል መጋረጃውን ዘግተውታል። ያችን ሌሊት አዲስ አበባ የእማማ የአክስት ልጅ ቤት አደርን። አዲስ አበባን ያላየ አንባቢ የለም ብዬ አልፋታለሁ፤ ደግሞም ያየነው መንገድ መዘጋጋትና ዝናብ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ዳሬሰላም አውሮፕላን ማረፊያ የጤና ሠራተኛዋ "ቢጫ ካርድ" ብላ ጠየቀችን፤ የክትባት ማለቷ ነው። ከድር የሁላችንንም አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ፖስታውን ከሻንጣው ጋር ጭኖታል። እሱ ሻንጣ ፍለጋ ሲሮጥ እማማ ሠራተኛዋ እንዳይከፋት ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ቢጫ ነገር ሁሉ እያወጣች ደረደረችላት፦ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ አንድ መሐረብ። ሠራተኛዋ ሳቋን ለመደበቅ ጭንብሏን ከፍ አደረገች።

ሙቀቱን እንዴት ልግለጸው? ባሕር ዳር በሚያዝያ ስትሞቅ ወደ ጣና ዳር ወጥተህ ትተነፍሳለህ። እዚህ ነፋሱ ራሱ ከፈላ ድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ነው። የተቀበሉን የሱሌይማን አክስት ቢ አሻ ናቸው። "ቢ" እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰፊ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ሲሄዱ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። በማግስቱ ወደ ደሴቱ ይዘውን የሚሻገሩት እሳቸው ነበሩ። አማርኛ አያውቁም፤ እኛም ስዋሂሊ አናውቅም። አባባ ግን ቁርዓን የቀሩ ስለሆነ ከዐረብኛው አንዳንድ ቃል እየወረወሩ ሞከሩ። "ዱንያ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢ አሻም "ዱኒያ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ሰዎች ዓለም እንዳስቸገረቻቸው ተግባቡ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

እራት በአንድ ትልቅ ሰሐን በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ከዓሣ ጋር ቀረበ። እኛ አገር ባለቤቱ "ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን" እያለ ይለምናል። ቢ አሻ አይለምኑም፤ ባየሃቸው ቁጥር የጎደለውን ይሞሉታል። ዓሣው ከጣናው ዓሣችን ከቀረሶ ጋር ሲነጻጸር እሾሁ ጥቂት ነው፤ እማማ ግን "የባሕር ዓሣ ጨው በዝቶበታል፤ ሲዋኝ የጠጣው ነው" ብላ ፈረደች።

አባባ ጥያቄውን ያነሱት እጃቸው ሰሐኑ ላይ እያለ ነው።

"ከድር፣ ነገ ድልድዩ ስንት ይፈጃል?"

ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። "ድልድይ አይደለም ሐጂ። መርከብ ናት። ትልቅ ናት፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።"

"ሁለት ሰዓት" አሉ አባባ። እጃቸውን ታጠቡ። "ኩላሊቴ ንፋስ አይወድም።"

ኩላሊት እንዳላቸው እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከመተኛታችን በፊት ቢ አሻ ስለ መርከቧ ሰዓት ሊነግሩን ሦስት ጣታቸውን አሳዩን። "ሳ ታቱ" አሉ። ከድር ወዲያው ተረጎመው። "ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው። የውጭ አገር ሦስት ሰዓት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ነን፤ ጠዋት ተኝታችሁ አርፍዱ።"

"ኒካሑስ ነገ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ አይደለም እንዴ? እንዴት እንደርሳለን?" አለች እማማ።

"ያገሩ ሰዎች ሳያውቁ አይቀሩም" አለ ከድር።

ቢ አሻ የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀውልን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኝተው ነበር። ያወቅነው ጠዋት ነው፤ ስናውቅም ለማፈር ጊዜ አላገኘንም።

ዓርብ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማማ የታጠበ ልብስ እያሰጣች፣ እኔ ፀጉሬን እየታጠብሁ፣ ከድርም አባባን ለማረጋጋት ብሎ የሕንድ ውቅያኖስ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እያስረዳቸው ሳለ ቢ አሻ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ ቆሙ። አዩን። ዓይናቸው ከእርጥቡ ፀጉሬ ወደ ከድር ቁምጣ ሄደ። ሦስት ጣታቸውን እንደገና አወጡ፤ ቲኬቱንም አሳዩን።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልን። ለካ እነዚህ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው! ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ስትቆይ አንድ ሰዓት ይላሉ። ስንት አገር አቋርጠን የገዛ ሰዓታችንን ሰው አገር አገኘነው፤ ባለቤቴ ግን ተምሬያለሁ ብሎ ወደ ፈረንጅ ለወጠው። ሦስት ሰዓት መሳፈሪያው ነው፤ መርከቧ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች።

የለበስሁትን እንዴት እንደለበስሁ አላውቅም። እማማ እርጥቡን ልብስ በፌስታል ጠቀለለች። ወደቡ ላይ ሰው በሰው ላይ ነው፤ የባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ ጣራ ቢኖረው እንዲህ ይሆን ነበር። ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል። የእማማ ሻንጣ ሲያልፍ ፈታሹ ክፈቱ አለ። ከረጢቱን ፈታ፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ ወዲያው አስነጠሰ። ቀጥሎ የነበረችው ሴት አስነጠሰች። ማስነጠሱ በሰልፉ ላይ እንደ ወሬ ተዛመተ። እማማ "ይማርህ ልጄ፤ ትንሽ ላድርግልህ?" ስትለው በሁለት እጁ ሂዱ፣ ሂዱ አለን።

ወደ መርከቧ የሚያወጣው የብረት መሸጋገሪያ ነው። በብረቱ ክፍተት ከሥር አረንጓዴ ውሃ ሲንፎለፎል ይታያል። ከድር ሻንጣ ተሸክሞ ፊት ወጣ፤ እማማ ተከተለች፤ ከዚያ እኔ። አባባና ቢ አሻ ከኋላዬ ነበሩ። ነበሩ ብዬ ነው የማውቀው። ከኋላ የሚገፋኝ ስለነበር አልዞርሁም። ውስጥ ገብተን ወንበር ስንይዝ ቆጠርሁ፤ ሦስት ነን።

ወደ ውጪው መቆሚያ ሮጥሁ። ገመዱ ተፈትቷል፤ በመርከቧና በወደቡ መካከል ውሃ እየሰፋ ነው። አባባ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው፣ ከቢ አሻ ጎን ወደቡ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አንስተው ያወዛውዛሉ። ጣና ዳር እንግዳ ሲሸኙ እንደሚያደርጉት ነው።

"አባባ!" ብዬ ጮኽሁ።

የሆነ ነገር አሉ፤ ሞተሩ ዋጠው። ከዚያ በእጃቸው ወገባቸውን አሳዩኝ። ኩላሊታቸው ነው።

ለእማማ ስነግራት አልደነገጠችም። ቦርሳዋን ከፍታ ቆሎ አወጣች።

"መሸጋገሪያው ጫፍ ላይ ሲቆም አይቼዋለሁ" አለች።

"ታዲያ ለምን አልጎተትሻቸውም? ያለ እሳቸው ኒካሕ የለም እኮ!"

"አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ ነኢማ። ጎትቼው የሄደበት ቦታ የለም።"

ከዚያ ቆሎዋን እየቆረጠመች ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። አባባ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ከዘጌ ቡና ጭነው በታንኳ ይመጡ ነበር፤ ያ የደንገል ታንኳ ማለት ነው። ነፋስ ተነሳና ተገለበጡ። ሁለቱም ደንገሉን ይዘው ሲንሳፈፉ ቆይተው አንድ ዓሣ አጥማጅ ደረሰላቸው፤ አባባን ያወጣቸው በፀጉራቸው ጎትቶ ነው።

"ሰው ሞተ?" አልኋት።

"ማን ይሞታል። የጠፋ ቡናው ነው። ሰው ቢሞትማ ለመናገር አያፍርም ነበር። ቡና ጠፍቶብኝ ውሃ ፈራሁ እንዴት ይበል?"

መርከቧ ከወደቡ አፍ እንደወጣች መናጥ ጀመረች። ጣና ላይ ማዕበል ሲመጣ ጀልባው ይርገበገባል፤ እዚህ ግን ወንበርህ ከነሰውነትህ ይነሳና ቆይቶ፣ አስቦበት፣ ይወርዳል። ሠራተኞቹ ፈገግ እያሉ ጥቁር ፌስታል አደሉ። እማማ ተቀብላ አጣጥፋ ለቤት ብላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ከድር ግን የራሱንም የእኔንም ሞላ። ፊቱ የጎመን ውሃ መሰለ። በመካከሉ እጄን ያዘና "ነኢማ፣ ካልተመለስሁ የተማሪዎቹ ማርክ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው" አለኝ።

ዛንዚባር ስንወርድ እንደገና ፓስፖርት አሳየን። ከአንድ አገር ወደዚያው አገር ነው የመጣነው፤ ግን የደሴት ሰዎች በራቸው እንዲንኳኳላቸው ይወዳሉ። ሐያት እስከ ክርኗ ሒና ተስላ፣ ከቀጭኑ ሱሌይማን ጋር በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ሦስት ዓመት ያላየኋትን እህቴን አቅፌ ሳልጨርስ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ቆጠረች።

"አባባስ?"

ሱሌይማን ወደ ቢ አሻ ደወለና ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገው።

"ደረሳችሁ? አልሐምዱሊላህ" አሉ አባባ ከወዲያ ማዶ።

"አባባ፣ የት ነዎት?" አለች ሐያት።

"እዚሁ ነኝ። ጥሩ ቦታ ነው። ጥላ አለው።"

"አባባ!"

"ስሚኝ ልጄ። ኩላሊቴ ተነስቶብኛል። ሸሪዓው ችግር የለበትም፤ ከድርን ወክያለሁ። በእኔ ስም እሱ ይዳርሽ።"

ሁላችንም ወደ ከድር ዞርን። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሯል። ፌስታሉ አሁንም በእጁ ነው።

"ከድር ራሱን ችሎ መቆም አልቻለም፤ እኔን ነው የሚሰጠው?" አለች ሐያት። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አባባ፣ እኔ በወኪል አላገባም። እዚሁ ወደቡ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዛሬ ካልመጡ ነገም እዚሁ ነኝ።"

"ፀሐዩ ይመታሻል።"

"ይምታኝ" ብላ ስልኩን ዘጋችባቸው። በቤታችን ታሪክ በአባባ ላይ ስልክ የዘጋ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

የመንገደኞች መቀመጫ ከሆነ አንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሱሌይማን ከአንዲት ነጋዴ ጃንጥላ ተውሶ መጣና ቆሞ ያዘላት። እማማ ለረጅም ጊዜ አየችውና "ይሄስ ይሁን" አለችኝ። ሦስት ሳምንት በስልክ የተጣራው ያን ጊዜ ነው ያለቀው።

ወሬው ከተማው ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ከጁምዓ በኋላ የሱሌይማን እናት ሙሽራዋ ሳትበላ አትውልም ብለው ለሠርጉ የተሠራውን ፒላው የሚባል የቅመም ሩዝ በትሪ ወደ ወደቡ ላኩ። ትሪውን ተከትለው አክስቶች መጡ፤ አክስቶቹን ተከትለው ልጆች መጡ። ዘበኞቹም ተጋበዙ። ሠርጉ በግማሽ ወደ ወደቡ ተዛወረ። እማማ ሻንጣዋን ከፍታ በሩዙ ላይ በርበሬ ትነሰንስ ጀመር፤ አንዱ ዘበኛ እንባው እየወረደ ድገሚኝ ይላታል። እኔ ስምንት እግር ያለው የባሕር ፍጥረት ቀርቦልኝ እግሩን ቆጥሬ ለከድር አሳለፍሁት። ከድር ገና ሲያየው ተመልሶ ፌስታሉን አነሳ። ኒካሑን የሚያስሩት ቃዲ ነገሩ ሲነገራቸው "ከመግሪብ ሶላት በኋላም ቀን ነው" ብለው ሊያርፉ ሄዱ።

በወዲያኛው ማዶ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ግማሹን ከአባባ፣ ግማሹን ከቢ አሻ በሐያት አስተርጓሚነት።

አባባና ቢ አሻ ጁምዓ ሰግደው እንደወጡ ቢ አሻ ተከተሉኝ የሚል ምልክት ሰጧቸው። አባባ የስልኩን መዘጋት እያሰቡ፣ ራሳቸውን አጎንብሰው ከኋላቸው ሄዱ። መንገዱ ላይ መኪና ተሰልፏል፤ ብስክሌት የሚገፋ አለ፤ ቲማቲም የተሸከሙ ሴቶች አሉ። ሁሉም ወደፊት ሲሄድ አብረው ሄዱ። ከዚያ ሁሉም ቆመ። አባባ የትራፊክ መብራት መሰላቸው። አንድ ረጅም ፎቅ እያዩ ቆመው ሳለ ፎቁ መራቅ ጀመረ።

"ሰው ይሸበራል ብዬ አልጮኽሁም" ይላሉ አባባ። "መንገዱ ነው ተቆርጦ የሄደው።"

ወደቡ አፍ ላይ ማዶ ለማዶ የምትመላለስ፣ መኪናም ሰውም የምትጭን ጠፍጣፋ ጀልባ ናት። ጎን ለጎን የቆመውን የጭነት መኪና መስታወት በሁለት እጃቸው ይዘው የሚያውቁትን የቁርዓን ሱራ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሱራው ሳያልቅ ማዶ ደረሱ። ቢ አሻ አንድ ቤት ገብተው የኬክ ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ለአባባ የኮኮናት ውሃ ገዙላቸው፤ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባባ ውሃውን እየጠጡ የመጡበትን ማዶ አዩ። ያን ጊዜ ገባቸው፦ ልጃቸው ያለችው በውሃ ማዶ ነው፤ አውሮፕላኑ በውሃ ማዶ ነው፤ ሱቃቸውም በውሃ ማዶ ነው። እዚሁ ዛፍ ሥር ገመድ ካልሸጡ በቀር መሻገር አለባቸው።

"የትኛውንም ውሃ ብሸሽ ሌላ ውሃ ላይ ነው የምደርሰው ማለት ነው" አልሁ በልቤ፣ አሉኝ። "ከሆነማ ልጄ ያለችበትን ልሻገር።"

እኛ ቢ አሻ በብልሃት አለማምደው እንዳሻገሯቸው እርግጠኞች ነበርን። ሐያት ስታመሰግናቸው ግራ ገባቸው። ማዶ ያለችው እህታቸው ለሠርጉ የጋገረችውን ኬክ ሊያመጡ ነው የሄዱት። "ጀልባ መሆኑን አላወቁም ነበር እንዴ?" አሉ።

የከሰዓት በኋላዋ መርከብ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባች። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ፤ ሐያት ከደረጃው አልተነሳችም። መጨረሻ ላይ ቢ አሻ ቆርቆሯቸውን አቅፈው ወጡ፤ ከኋላቸው አባባ፣ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቆ፣ መሬቱን በእግራቸው እየሞከሩ። ሐያት ተነሳች፤ ግን አልሮጠችም። እሳቸው ናቸው እስከ እሷ የሄዱት።

"ኒካሑ አለፈ?" አሏት።

"አላለፈም አባባ።"

"ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጥሽው? ወገብሽን ይይዝሻል" አሉና ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡት። እማማ ቆባቸውን አስተካከለችላቸው። ስለ ኩላሊት ማንም አልጠየቀም።

ከመግሪብ በኋላ አባባ የሱሌይማንን እጅ ይዘው ቃዲው ያሏቸውን በዐረብኛ ደገሙ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። አባባ ግን እጁን አልለቀቁትም፤ በአማርኛ ቀጠሉ።

"ልጄ ናት። ውሃ አትፈራም። ስትቆጣ ስልክ ትዘጋለች፤ አንተ ወደ እሷ እስክትሄድ ትጠብቃለች እንጂ አትመጣም። ሂድላት።"

ቃዲው ትርጉሙን እየጠበቁ ዙሪያውን አዩ። እኛ ሴቶች ከተቀመጥንበት መጋረጃ ጀርባ ሐያት ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ቀጥሎ የመጣውን ግን እኔ ነኝ በነጠላዬ የጠረግሁላት። ሱሌይማን ምንም ሳይገባው "አሚን" አለ።

ቅዳሜና እሑድ

ስለ ደሴቱ ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ በሮቹ በምስማርና በቅርጽ ያጌጡ ናቸው፤ መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም፤ ጓሮ ሁሉ የተሰጣ ቅርንፉድ ይሸታል። ግን ሁለቱን ቀን አባባን ስንፈልግ ነው ያሳለፍነው። ባሕሩ ዳር የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ ሽማግሌዎች አግኝተው ነበር። ሰዎቹ ከኮኮናት ልጥ ገመድ ይፈትላሉ። አባባ ገመዱን ይጎትታሉ፣ ያሸታሉ፣ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ይመክራሉ። ሽማግሌዎቹም በስዋሂሊ ይመክሯቸዋል። ምሳ አብረው በልተው፣ አብረው ሰግደው፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ይለያያሉ። እሑድ ሲሰነባበቱ አንድ ጥቅል ገመድ ሰጧቸው።

ሰኞ

ስንመለስ ሁሉንም አውቀናል። ሰዓቱን በራሳችን አቆጣጠር ቆጠርን፤ ከድር ክኒን ዋጠ፤ የእማማ ሻንጣ ባዶ ስለሆነ ማንም አላስነጠሰም። ሐያትና ሱሌይማን ወደቡ ድረስ ሸኙን። አባባ ከሁላችንም ቀድመው በብረቱ መሸጋገሪያ ወጡ። ወንበር ይዤላቸው ብጠብቅ አልመጡም። ስፈልጋቸው መርከቧ ጀርባ ላይ፣ የሞተሩ አረፋ በሚፈላበት በኩል፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሌላው መንገደኛ ፊቱን ወደ ዳሬሰላም አዙሯል። እሳቸው ወደ ደሴቱ ነው። ሐያት ወደቡ ላይ ነጭ ነጥብ ሆነች፤ ነጥቧም ጠፋች፤ ቆይቶ ደሴቱ ራሱ ጠፋ። አንድ ሠራተኛ እርጥበት እንዳያገኛቸው ወደ ውስጥ ሊያስገባቸው ሲመጣ እማማ በእጇ ተወው አለችው።

አሁን ሱቃቸው ተመልሰዋል። የጀልባ ሰዎች ገመድ ሊገዙ ሲመጡ ይጠይቋቸዋል።

"ሐጂ፣ ውቅያኖሱን ተሻገሩት አሉ። እንዴት ነው? ከጣና ይሰፋል?"

አባባ ገመዱን እየለኩ ቀና ሳይሉ ይመልሳሉ።

"አላየሁትም።"

ሰዎቹ ይስቃሉ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ። ሲሄዱ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ደረሱ። ሲመለሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት ባሕሩን አልነበረም።